በውክልና ያኖርኩህ

ታዴዬ፣ አንተዬ፣

እንዴት ነህ ልልህ ነበር፤ ያፍ ልማድ ነው። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ይሄ የኔ ቆጠራ ነው። ቢሮዎቹን ብትጠይቅ ግን እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ በሕይወት ነበርክ። ያኖርኩህም እኔው ነኝ። ይሄን የምጽፍልህ ይቅርታ የምጠይቅህ ነገር ስላለ ነው። ሌላ ሰው ቢያነበውም ግድ የለኝም፤ እንደኔ ባሏ የሞተባት ብታገኘው ትማርበታለች።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። በክረምቱ ጓዳው አፍስሶ ነበርና ቆርቆሮውን አስቀየርኩት። ኮልፌ እንደምታውቃት ናት፤ በራችን ላይ ያለውን መንገድ ቆፍረው ትተውት ሄደዋል፣ ከፌርማታው እስከ ቤት የምደርሰው በእንጨት ላይ እየተራመድኩ ነው። የስፌት መኪናህን በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ። ሁለት ሰዎች እንግዛው ብለውኝ እምቢ አልኳቸው። ጦር ኃይሎች ያለው የመጋረጃ ሱቄ ደህና ነው፣ ተመስገን። እኔም ደህና ነኝ፤ ትንሽ ከሳሁ ይሉኛል።

ውክልናውን የሰጠኸኝን ቀን ታስታውሳለህ? ኩላሊትህ ሲያስቸግርህ፣ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ሲያቅትህ ነው። አንተ ደሞ ድሮም ወረፋ የምትባል ነገር ጠላትህ ናት። ያን ግራጫ ኮትህን ለብሰህ ውል ማዋዋያው ቢሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ፣ ስማችን እስኪጠራ ስንቴ ስንቴ ተነጫነጭክ! ጸሐፊዋ ሰነዱን ስታነብልህ፣ በስሜ ያለውን ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ቀርባ ለማስፈጸም የሚለው ላይ ስትደርስ ወደኔ ዞረህ ሳቅክ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ከሄድሽ እኔም ሄጃለሁ ማለት ነው፣ እኔ እቤቴ እግሬን ታጥቤ እቀመጣለሁ አልከኝ። እግር መታጠብ ላይማ ማን ብሎህ! ከውጭ በገባህ ቁጥር ባኞ ቤት ገብተህ ትታጠብና፣ በዚያ ነጠላ ጫማህ ሲሚንቶውን እያረጠብክ እስከ ወንበርህ ትሄዳለህ። ሃያ ሁለት ዓመት ተቆጣሁህ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አልሰማኸኝም።

ከዚያ ሞትክ። ዕድርተኛው ድንኳን ጣለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቀበረህ፣ አርባህም ወጣ። የሚገርመው ማንም ወረዳ ሄደን ሞቱን እናስመዝግብ ያለ የለም። እኛ ሰው ሲሞት አፈር ካለበስነው የጨረስን ይመስለናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አለ ያልኩት የመብራት ቆጣሪው ሲቃጠል ነው። ቆጣሪው ባንተ ስም ስለሆነ ውክልናውን ይዤ ሄድኩ። በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና እንኳን ሳትል ወካዩ በሕይወት አሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አሉ አልኳት። እመነኝ፣ ያን ጊዜ ተንኮል አልነበረኝም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሞቷል ማለት አቃተኝ እንጂ። ከአፌ ሲወጣ ደሞ ጣፈጠኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ አለ፣ አለ እያልኩ ለራሴ ስደጋግመው ነበር። ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። በሩን ስከፍት ከባኞ ቤቱ ደጃፍ እስከ ወንበርህ ድረስ ሲሚንቶው በነጠላ ጫማ ዱካ ረጥቧል። ቧንቧው ተዘግቷል። ቤት ውስጥ ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

አልጮህኩም። መወልወያውን አምጥቼ እየተቆጣሁህ ወለወልኩት።

ከዚያ በኋላ የቤት ግብር መጣ፣ ከዚያ የውሃው ጉዳይ መጣ። በየሄድኩበት አሉ እላለሁ፣ ስመለስ ወለሉ ረጥቦ ይጠብቀኛል። ባኞ ቤት ውስጥ ስትስል መስማት ጀመርኩ። ሳይታወቀኝ እራት በሁለት ሰሃን ማቅረብ ጀመርኩ። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ያን ጊዜ አለመፍራቴ ነው።

አንድ ቀን የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ ሽፈራው ሱቅ መጡ። አንተን መቃብር ያወረዱህ እሳቸው ናቸው። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉና፣ ታደሰ የሚመስለው ወንድም ነበረው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ አይተውህ ኖሯል፣ በግራጫ ኮት፣ በነጠላ ጫማ። ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል፣ አንተ ግን ከሰልፉ አትወጣም፣ አትሳፈርም። ጋሽ ሽፈራው፣ መነጽርዎን ይቀይሩ ብዬ ቀለድኩባቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ አማትበው ወጡ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አይደል የሚባለው? እኔም ሆዴ ያውቃል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ወንድሜ ጌታቸው መጥቶ ቤቱን ሽጪው አለኝ። ሰላማዊት ነገ ከነገ ወዲያ የአባቴን ድርሻ ማለቷ አይቀርም፤ ውክልናው ለመሸጥ ለመለወጥ ይላል፣ ሰውዬሽ በወረቀት በሕይወት አለ፣ ሳትነቃ ሸጠሽ ኮንዶሚኒየም ግዢ፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አለኝ። ሰላማዊት ካንተ በቀር አባት የላትም፣ ታዴ። ከኔ በፊት የወለድካት አንዲት ልጅህ ናት። እኔ ደሞ በአርባህ ቀን ሳትቀመጥ ሳንሱሲ ወዳለው ቤቷ እንድትመለስ ያደረገ ክፉ ቃል ተናግሬያት፣ ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም ነበር። ይሄንንም ይቅር በለኝ።

እንዲያው ልቤ ቢጠራጠር ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ዘመዴ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት ብዬ ጀመርኩ። ሽማግሌው ሰው ሁሉ የሚመጣው ለዘመዱ ነው ብለው ሳቁና አስረዱኝ። ውክልና የሰጪው ነፍስ ስትወጣ አብሮ ይሞታል። የሞተ ሰው አይወክልም፣ በስሙም አይሸጥም። ዘመድዎ ብትሸጥ ሽያጩ ይፈርሳል፣ እሷም ትከሰሳለች፣ ምንም የማታውቅ ገዢም ሜዳ ላይ ትቀራለች። በጋብቻ ያፈሩት ቤት ከሆነ ደግሞ ግማሹ የራሷ ነው፣ ማንም አይነካባትም፤ የሟቹ ግማሽ ነው ለልጁ የሚያልፈው። ታዲያ ምን አስኬዳት አሉኝ። ለዘመዴ እነግራታለሁ ብዬ ተነሳሁ። መንገዴን ሙሉ እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ግን እሺ አላልኩም። ግማሹ አልበቃኝም። ቤቱንም፣ አንተንም፣ ሁሉንም ፈለግኩ።

ሰኞ ዕለት ውል ለመፈረም እዚያው ውክልናውን የሰጠኸኝ ቢሮ ሄድን። ገዢዋ ዘነበወርቅ የምትኖር፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከኪራይ ቤት ለመውጣት የምትጣደፍ ሴት ናት። ደላላው አለ፣ ጌታቸው አለ። ውል የሚያዋውለው ሰውዬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አሉ አልኩት። በዚህ መሃል የበሩ ጥበቃ አንገቱን አስገባና እትዬ፣ ባለቤትሽ ውጭ እየጠበቁሽ ነው አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ ስሜ መቼ ነው የሚጠራው ይላሉ፣ እግራቸው ረጥቧል፣ ብርድ ይመታቸዋል፣ ለምን ቶሎ አትጨርሱላቸውም አለ።

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። ታዲያ ካሉማ ውክልና ምን ያደርጋል፣ ራሳቸው ይግቡና ይፈርሙ አለኝ።

ጌታቸው ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ማንም የለም። ግራ ቀኙ ሰው ተቀምጧል፣ መሃሉ ላይ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ትተዋል፤ ከሥሩ ሁለት የእግር ዱካ ረጥቧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ታዴ፣ ጎኔ በረደኝ። የለበስከው ኮት ሲረጥብ የሚሸተውን ሽታ አሸተትኩ። አላየሁህም፤ ድካምህ ግን ተሰማኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ በሄድኩበት ሁሉ አንተን ይዤህ ሄጃለሁ። በየመስኮቱ፣ በየሰልፉ፣ በየአግዳሚው አቁሜሃለሁ። በሕይወትህ ወረፋ የምትጠላውን ሰውዬ ከሞትክ በኋላ ዓመት ሙሉ ወረፋ አስያዝኩህ። ማረፍ ስትችል፣ እግርህን ታጥበህ መቀመጥ ስትችል።

ሞቷል አልኩ። ለማን እንዳልኩት እንጃ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ነፍስ ይማር አለችኝ።

ተመልሼ ገብቼ ለሰውዬውም ባለቤቴ ሞቷል፣ ዓመት አልፎታል አልኩት። ተቆጣኝ፤ ይገባኛል። ውክልናውን ወሰደው። ደላላው የእርግማን መዓት አወረደብኝ። ገዢዋ ግን አልተቆጣችም፤ ቁጭ ብላ ልጆቼን ሜዳ ላይ ልታስቀሪብኝ ነበር እያለች ስትደጋግም እጇን ይዤ ይቅርታ ለመንኳት። ጌታቸው እስከዛሬ ስልኬን አያነሳም። እንግዲህ የራሱ ጉዳይ።

ለሰላማዊት ደወልኩላት። ምን እንደምላት ሳላስብ፣ ልጄ፣ ነይና አባትሽን አብረን እናሳርፈው አልኳት። በነጋታው ማክሰኞ በጠዋት ወረዳው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አረማመዷ ያንተ ነው፣ አላስተዋልኩም ነበር። ውስጥ ያለችው ሠራተኛ መቼ ሞተ፣ በምን ሞተ እያለች ስትሞላ ቆየችና፣ ለምን ይሄን ያህል ዘገያችሁ ብላ ጠየቀችን። አንገቴን ደፋሁ። ሰላማዊት ቀድማኝ፣ አላመንንም ነበር አለቻት። አየህ፣ እኔን ላለማሳፈር ነው። በዚያ ቀን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። የቀበሌ መታወቂያህን መልሱ ሲሉን ፎቶህን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁትና አስረከብኩ። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ሁለታችንም ደነገጥን።

ቤቱ ገና አልተወሰነም። ሰላማዊት የወራሽነት ማስረጃዋን ከፍርድ ቤት ታወጣለች፤ ከዚያ እንነጋገራለን። ይሸጥ ካለች እንሸጣለን፤ ግማሹ የሷ ነው፣ መብቷ ነው። እኔን ካስወጣችኝም እወጣለሁ። ለዕድሩ ሴቶች ግን አሁን ባገኘኋቸው ቁጥር የምነግራቸው አለኝ፦ ሰው ሲሞት ከቀብር መልስ ሳትውሉ ሳታድሩ አስመዝግቡ፣ ውክልናውን መልሱ፣ ልጆች እነማን እንደሆኑ በፍርድ ቤት አስወስኑ። አውቃለሁ፣ በሐዘን ላይ ወረቀት ማንሳት ነውር ይመስላል። ነውሩስ እኔ የሠራሁት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ብቻዬን ገባሁ። ወለሉ ደረቅ ነው። ወንበርህ ላይ ተቀምጬ፣ በቀብርህ ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ናፈቅከኝ። ዓመት ሙሉ አልናፈቅከኝም ነበር እኮ! ያለ ሰው አይናፈቅም፣ አይታወስምም፤ ይጠበቃል እንጂ። እኔ ስጠብቅህ ነው የከረምኩት።

ሙት ዓመትህ ቀኑ አልፏል፤ ሞተ ማለት ስላልፈለግኩ ሳላወጣልህ ቀረሁ። በመጪው እሑድ እኔና ሰላማዊት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ፍትሐት እናስደርግልሃለን። ቄሱ የክርስትና ስምህን ከሙታን ጋር ይጠሩታል። አደራህን ታዴዬ፣ ስትሰማው እንዳትነሳ፣ አቤት እንዳትል። የተጠራኸው እንድትቀርብ አይደለም። አንተ ተኛ። ማስታወሱን እኔ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ አልማዝ