በጋቢናው ወለል ላይ ያለው ዝገት

ጥቅምት 9፣ ባሕር ዳር

ክረምቱ ስላለፈ ዛሬ አሮጌዋን መኪናዬን ከሥር አሳጥቤ የዝገት መከላከያውን አንቲረስት ቀለም ላስቀባት ጋራዥ ወሰድኋት። መካኒኩ ይበልጣል ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ።

"ጋሼ፣ ከታች የመጣው ዝገት ትንሽ ነው። የጋቢናው ወለል ግን ከላይ ወደ ታች ነው የተበላ። ማን ነው ውሃ ሲደፋበት የኖረው?" አለኝ።

ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ያወለቀችውን ጫማ ቤት እስክንደርስ አታደርገውም ነበር። ክረምት ክረምት የሐይቁን ዳር እርጥብ ሣር ረግጣ በባዶ እግሯ መኪናዋ ውስጥ ትገባለች።

"መኪናዬን አበሰበስሻት እኮ!" እላታለሁ።

"የደጁን በረከት ቶሎ በጫማ ልሸፍነው?" ትለኛለች።

ይበልጣል ወለሉን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ካልበየደበት ቀለሙ እንደማይይዝ ነገረኝ። ተውልኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለገና ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ስትመጣ እዚያ ነው የምትቀመጥ።

"ቁረጠው" አልሁት።

መቁረጫው ሲጮህ ሳላስበው ጫማዬን አውልቄ ኖሯል።

"ኧረ ጋሼ፣ ብረት ይወጋዎታል!" አለኝ ይበልጣል።

እስኪጨርስ አልተጫማሁም።