የአያትሽ ብርድ ልብስና ሌባው ውሻ

ለምወድሽ የልጄ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ ውሻው ግን ከሁላችንም ይበልጥ ደህና ነው።

አያትሽ ከአሮጌ ልብሶቻችን ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ እየሰፋችልሽ ነው። እጇ አሁንም ጉድ ያሰኛል፤ ጨርቁን በጣቷ ዳብሳ ብቻ ስፌቱን ቀጥ ታደርገዋለች። ውሻው ደግሞ ቁርጥራጩን እየሰረቀ አልጋ ስር ይከምራል።

ትናንት ከቀዩ ፒጃማዬ የተቆረጠውን ሰፍታ፣ «የልጃችን ሰማያዊ ሸሚዝ አላማረበትም?» አለችኝ።

«በጣም እንጂ!» አልኳት። ጥፋቱ የውሻው ነው፤ ሰማያዊውን ወስዶባታል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቀድሜያት ተነስቼ፣ አሥር መርፌዎች ላይ ክር አስገብቼ አስቀምጥላታለሁ። «ሽማግሌው፣ ሥራ ፈታህ እንዴ?» ትለኛለች። እኔም ፈታሁ እላለሁ።

ስትመጪ እንደ ልማድሽ ድምፅሽን አጥፍተሽ አትግቢ። ከበሩ ጀምረሽ «እኔ ነኝ» በይ፤ ውሻው እንዳይደነግጥ ነው።

ጉንጭሽን ከሩቅ የሚስመው፣
ነገረኛው አያትሽ