የለበሰው የፍግ ክምር፦ የዶክተር ፓቭላ ራምሻክ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ፓቭላ ራምሻክ ከአባታቸው ከአቶ ማቴውሽ ራምሻክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኔዣ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1941፣ በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት፣ በስሎቬኒያ ሳቪንያ ሸለቆ በጎርኒ ሎግ መንደር ተወለዱ። ወቅቱ ፍግ ወደ እርሻ የሚወጣበት ሳምንት ነበርና አባታቸው አራስ ልጃቸውን ያቀፉት እጃቸውን ሦስት ጊዜ ታጥበው ነው። እናታቸው ግን «አራተኛም ያስፈልግህ ነበር» ማለታቸውን እስኪያረጁ አልተዉም።

በሸለቆው የአንድ ቤት ክብር የሚታየው በደጁ በተከመረው ፍግ ነው። ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ክምሩን ያያል፤ ጠርዙ እንደ ግንብ ቀጥ ካለ፣ ቤቱ የጨዋ ቤት ነው። የአቶ ማቴውሽን ክምር የሚያህል አልነበረም። ፓቭላም በሰባት ዓመታቸው መንሽ ይዘው ጠርዙን ማስተካከል የተማሩት ከአባታቸው ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በጼልዬ ከተማ አጠናቀው፣ በ1964 ከሉብልያና ዩኒቨርሲቲ በእርሻ ሳይንስ ተመረቁ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ከከብት ፍግ አምልጦ ስለሚጠፋው ናይትሮጂን ነበር። ሰብልን የሚያሳድገው ይህ ንጥረ ነገር፣ እበትና ሽንት ሲደባለቁ ዓይን የሚቆጠቁጥ ጋዝ እየሆነ ይተናል። ክምሩ ካልተሸፈነ፣ የተበተነውም በዕለቱ ታርሶ አፈር ካልለበሰ፣ ለእርሻው የሚደርሰው ትራፊው ነው።

በጎርኒ ሎግ ግን ፍግ የሚበተነው በቅዱስ ዮሴፍ ዋዜማ ነበር። በበዓሉ ማረሻ አይነካም፤ ከበዓሉም በኋላ «ትንፋሹ ይውጣለት» ተብሎ ሁለት ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ይሰነብታል። የሸተተ ፍግ ብርቱ ነው ስለሚባል፣ መንደሩ በፍግ ጠረን ሲታፈን ገበሬው ደስ ይለው ነበር። በ1966፣ ፓቭላ ሃያ አምስት ዓመት በሞሉበት ዕለት፣ ጎረቤት ለልደታቸው በተሰበሰበበት ማዕድ ላይ ያወቁትን ተናገሩ።

«አባዬ፣ ይሄ የሚሸተን እኮ ፍጉ ራሱ ነው። አየር ላይ ከወጣ ወደ እርሻችን አይመለስም።»

«አያትሽም እንዲሁ ነበር የሚበትኑት።»

«አያቴም ግማሹን ለሰማይ ነበራ የሚሰጡት!»

ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። አቶ ማቴውሽ አልሳቁም፤ የደጃቸው ክብር በሰው ፊት ተነክቷል። «እንግዲያው ወደ ሄደበት ሂጂና መልሺው» አሉ።

ፓቭላም በዓመቱ ሄዱ። ዴንማርክ ውስጥ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው፣ በ1971 የፍግ ጉድጓድ ክዳን ይሠሩ ከነበሩት ከኢንጂነር ኡፌ ሊንድጎር ጋር ጋብቻ መሠረቱ፤ አንዲት ልጅም አፈሩ። ከዚያም የሚተነውን ጋዝ የሚይዙ ትንንሽ ብርጭቆዎቻቸውን በሻንጣ ይዘው ሃያ ስድስት አገሮችን ዞሩ። በሕንድ እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድና ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ሲሄድ፣ በአርጀንቲና ላሟ በቆመችበት ሜዳ ላይ ሲቀር፣ በዴንማርክ ክዳን ተደፍቶበት ክረምቱን ሲጠበቅ አዩ፤ ሁሉንም ለኩ። በየአገሩ የበረት ደጅ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆሙ ነበር። ባልደረቦቻቸው «የጋዙን ብርታት እየገመተች ነው» ይሉ ነበር። እርሳቸው ግን ጎርኒ ሎግን እየፈለጉ ነበር።

በየዓመቱ በቅዱስ ዮሴፍ ሰሞን ለእናታቸው ይጽፋሉ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አባዬ ፍጉን አለበሰው ወይ?» መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አባትሽ ደህና ነው። ላሞቹም ደህና ናቸው።» ፓቭላ «ሳይጠራኝ አልሄድም» ይሉ ነበር። አባታቸውም «በሩ ክፍት ነው፣ ማን ዘጋባት?» ይሉ ነበር። አንዱ የሌላውን ሳይሰማ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ።

በጃንዋሪ 1984 አባታቸው ሲያርፉ፣ ፓቭላ በረዶ መንገድ ዘግቶባቸው ከቀብር በኋላ ደረሱ። ደጁ ላይ ቆመው ቀሩ። ክምሩ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ላዩ በወፍራም ገለባ፣ በገለባው ላይ ደግሞ በጥድ ቅርንጫፍ ተሸፍኗል። የጎረቤት ሽማግሌው አቶ ሎይዜ ክሪቬትስ ከኋላቸው መጡ።

«እኛማ አበደ ብለን ነበር! ለፍግ ብርድ ልብስ የሚያለብስ ገበሬ የት ታይቶ? ዋዜማ መበተኑንም ተወው። በበዓሉ ማግሥት ይበትንና ወዲያው ያርሳል። ‹ሎይዜ፣ ፈጠን በል፣ ካመለጠን ልጅቷ ያለችበት ድረስ ይሸታታል› እያለ ነፍሴን ያወጣታል።»

«ታዲያ አንዳችሁ እንኳ ለምን አልጻፋችሁልኝም?»

«አስምሎን ነዋ! እናትሽንም እኔንም። ‹ትምጣና በዓይኗ ትየው› አለ። ዘጠኝ ዓመት አለበሰው፣ ልጄ።»

ፓቭላ በቀጣዩ ዓመት ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ጠቅልለው ወደ ጎርኒ ሎግ ተመለሱ፤ ሸለቆውን በሙሉ ክምር ማልበስና በዕለቱ ማረስ አስተማሩ። የአባታቸውን ክምር ግን አንድም ቀን አልለኩትም። ባልደረቦቻቸው ሲወተውቷቸው «አባቴን ሁለተኛ በሰው ፊት አልፈትነውም» ብለው መለሱ። በየማርቹ ገለባውን በእጃቸው ይለውጡ ነበር።

ዶክተር ፓቭላ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2023 ማለዳ በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው በ2009 ቀድመዋቸዋል። የአንዲት ልጅ እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። በእናታቸው ስም የሰየሟት ልጃቸው ኔዣ፣ የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው ሬዝካ በሐዘን ቀርተዋል።

የመንደሩ ልማድ አስከሬን ሦስት ቀን ማቆየት ቢሆንም፣ ፓቭላ «እኔንም ሳታሰነብቱ አፈር አልብሱኝ» ብለው ተናዝዘዋል። ስለዚህ ደንቡ እንደፈቀደ ዛሬ፣ በማግሥቱ፣ ከአባታቸው አጠገብ እናሳርፋቸዋለን። በመቃብራቸውም ላይ፣ ክረምት ሲገባ እንደምናደርገው ሁሉ፣ የጥድ ቅርንጫፍ እናለብሳለን፤ ቅርንጫፉ አባታቸው ለክምሩ ይቆርጡበት ከነበረው ዛፍ የተቆረጠ ነው።

ከእጁ አንዳች የማይባክንበት አምላክ የፓቭላን ነፍስ ይሰብስብ፤ ደጅ ቆመው ከሚጠብቋት አባቷም ጋር ያገናኛት። አሜን።