ገባች

ሚያዝያ 3

ራዳር፣ መሣሪያውን ሳታጠፊው ነው ለካ የተውሽው። ባትሪው ሙልጭ ብሏል። ስንቴ ልንገርሽ? የሌሊት ወፍ የምታጠናው ተመራማሪ ለተማሪዎች ቆጠራ ያዋሰችን ዕቃ እኮ ነው። የሌሊት ወፎቹን ድምፅ ያለ እሱ በምን እንሰማለን? ነገ ጠዋት ቆጠራ አለን።

አለኝ ማለቴ ነው...

ሚያዝያ 4

አልሄድኩም።

ሚያዝያ 6

ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። አንቺን እህቴን የሌሊት ወፍ ገደለችሽ ይላሉ። ልብሽ ከልጅነትሽ ደካማ እንደነበር ሐኪሙ ለእማዬ ሲነግራት አጠገቧ ነበርኩ። እሷ ግን እሱን ትታ ጎረቤት ሰማች። ርእሰ መምህሩ ጋ ሄዳ የሌሊት ወፎቹ የሚገቡበት የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ሥር ያለው ቀዳዳ ይደፈን ብላለች። እሱም ዓይኑን አላሸም። ዓርብ ማታ ሲወጡ ተጠብቆ በሲሚንቶ ይደፈናል።

"ወፎች አይደሉ? ሌላ ዛፍ አያጡም" አለኝ።

ወፍ! አንቺ ብትሰሚው...

ሚያዝያ 8

እማዬ ላይ ጮህኩባት። እራት አቅርባ "ብላ" ስትለኝ ሳህኑን ገፋሁት። ክፍል ውስጥ ስትዪው የነበረውን ነው ያልኳት።

"ወፍ አይደለችም። ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ልጆቻቸው ውስጥ ናቸው፣ ገና አይበሩም። እናቶቹ ሲመለሱ ግድግዳ ነው የሚጠብቃቸው።"

ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች።

"ታጠባለች?"

በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ።

ሚያዝያ 9

ግንበኛው ቀዳዳውን ሳይደፍን ሲሚንቶውን ይዞ ተመለሰ። እማዬ መሰላሉ ሥር ቆማ "እናት ስትወጣ ተጠብቆ በር ይዘጋል?" አለችው አሉ። ልጆቹ እስኪበሩ ተራዝሟል።

ቤት ስትገባ አዲስ ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁንም ተናድጃለሁ። በእሷ፣ በጎረቤት፣ በዚያ ልብሽ... ባንቺም።

ሚያዝያ 11

ጎህ ሲቀድ ብቻዬን ወጣሁ። አንቺ ቀዳዳውን እያየሽ "ገባች" ስትዪ እኔ ለእያንዳንዷ አንድ መስመር አሰምር ነበር። ዛሬ ዓይኔም እጄም ያው የእኔው ናቸው። ወረቀቱን ሳላይ አሰመርኩ። አፌ ግን "ገባች... ገባች" ይላል። ለማን ነው የምትለፈልፈው? ዝም አላለም።

ሲያበቃ ወረቀቱን አየሁት። መስመሮቹ ተደራርበዋል፣ አንዱ ካንዱ አይለይም። ተመራማሪዋ ጋ ደወልኩ። የዛሬው ተበላሽቷል፣ ነገ ደግሜ እቆጥራለሁ አልኳት።

ከዚያ መሣሪያውን አጠፋሁት።