በአክስቴ አልጋ ላይ ስለተዘረጋው ቆርቆሮ

ለተከበሩ የጉብኝት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የማይቆራረጥ፣ የሚተኙበትም ጣሪያ አንዲት ጠብታ የማያሳልፍ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻዋን ምኞት እንደ ቀልድ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ። ጣሪያው የሚያፈስበትን ሰው በቅርብ ስለማውቅ ነገሩ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ ይገባኛል።

በከተማችን ካሉት የጉዞ ወኪሎች በአንዱ ውስጥ የጉዞ ዕቅድ አውጪ ነኝ። ከባሕር ማዶ የሚመጡ እንግዶች የአገራችንን ተፈጥሮና ባህል ለማየት ሲነሱ የት እንደሚያድሩ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ፣ ወፎቹን መቼ፣ ዝንጀሮዎቹን በየት በኩል እንደሚያዩ፣ ከግድግዳዬ ካርታ ፊት ቆሜ የምወስነው እኔ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ በየስብሰባው በአርአያነት የሚያነሳው፣ «ተፈጥሮና ባህል በአንድ ቀን» የተባለው ጉዞ የእኔ ሥራ ነው። ስላመሰገኑት አመሰግናለሁ። ምስጋናዎን በሰማሁ ቁጥር አንገቴን የምደፋው ከትሕትና መስሎዎት ይሆናል። ከእፍረት ነው፤ ምክንያቱንም እነሆ አስረዳለሁ።

በዚያ ጉዞ ጠዋት ሐይቁ አለ፤ ወደ ማታ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ላይ የፀሐይ መጥለቅ አለ። በመካከሉ ግን አንድ ባዶ ሰዓት ተረፈኝ። በእኛ ሥራ ባዶ ሰዓት ማለት መከራ ነው። እንግዳው ይሰለቻል፣ ስልኩን አውጥቶ ይጎረጉራል፣ ሾፌሩን ስለ መንገዱ ኮረኮንች ይነዘንዛል። ታዲያ ከሐይቁ ወደ ገደሉ የሚወስደውን መንገድ ካርታው ላይ በጣቴ ስከተል፣ ጣቴ ያሳደገችኝ አክስቴ ቤት ላይ አረፈ። የሣር ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ደጃፉ ላይ ትልቅ ዛፍ ያለው ቤት ነው። ሳላመነታ «ዘመን ያልነካው ቤት» ብዬ ጻፍኩበት። እውነቱን ለመናገር ዘመን ያልነካው አክስቴ አይንካኝ ስላለች አልነበረም፤ ጊደሯን እስክትሸጥ ድረስ የቆርቆሮ መግዣ ስላልነበራት ነው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ባዶ ሰዓቴን ለመሙላት ስል ግን የማውቀውን እንደማላውቅ ሆንኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ለመሥሪያ ቤትዎ አሠራር እንዲመች በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. ስለ ጣሪያው። አክስቴ እንደምንም ጊደሯን ሸጣ ቆርቆሮ ገዛች። ጎረቤቷ አናጺው መሰላሉን አቁሞ አሮጌውን ሣር ማንሳት ሊጀምር ሲል የባህል ክፍልዎ ባለሙያ በመኪና ከተፍ አለ። በጉብኝት መስመሩ ላይ ያለ ቤት ነባር መልኩን ሊለውጥ እንደማይችል በትሕትና አስረዳት። ለትሕትናው አመሰግናለሁ፤ በየመሃሉ «እማማ» እያለ ነበር የሚያነጋግራት። እሺ፣ እንግዲያው ያረጀውን ሣር በአዲስ ሣር ልተካው ብትል፣ ሣሩ የሚበቅለው ሐይቁ ዳር ነው፤ እዚያ ያለውን ደግሞ የተፈጥሮ ክፍልዎ የወፎቹ ጎጆ እንዳይነካ ሲል ማጨድ ከልክሏል። ለወፎቹ ጎጆ ስለተጨነቁ አሁንም አመሰግናለሁ። ጫጩቶቹ ምንም አልበሰበሱም።

ይህን ጉዳይ ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የአንዱ በር ሲከፈት ነፋሱ የሌላውን በር ይዘጋዋል። የባህል ክፍሉ በሣር ትክደን፣ ስለ ሣሩ ተፈጥሮ ክፍልን ጠይቅ አለኝ። የተፈጥሮ ክፍሉ ሣሩ አይነካም፣ ስለ ቆርቆሮው ባህል ክፍልን ጠይቅ አለኝ። ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስመላለስ ገና አሁን የወለወለችውን ወለል በጭቃ ጫማዬ ያበላሸሁባት የጽዳት ሠራተኛ ብታዝንልኝ፣ መሃል ኮሪደሩ ላይ ወንበር አቀረበችልኝና እዚያው ቁጭ በልና ሁለቱንም ጥራ አለችኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ካገኘሁት መፍትሔ ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር። ሁለቱንም ጠራሁ፤ ሁለቱም ስብሰባ ገብተው ነበር።

2ኛ. ስለ ዕቃዎቿ። አክስቴን ጉልበቷን ያማታል፤ መሬት ላይ ከተቀመጠች መነሳቱ አበሳ ስለሆነባት የፕላስቲክ ወንበር ገዝቼላት ነበር። ባለሙያዎ ወንበሩንም ጄሪካኑንም የእንግዶችን ዓይን ይረብሻል አለ። በጄሪካኑ ፈንታ ትልቅ እንስራ አመጣላት፤ እንስራው እጅግ ያምራል፣ ባዶውንም ቢሆን ልታነሳው አትችልም። እኔም የበኩሌን አልሰነፍኩም። ሾፌሮቻችን ቤቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት መታጠፊያው ላይ ጡሩምባ እንዲነፉ ዕቅዱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጡሩምባው ሲሰማ አክስቴ ወንበሩን አልጋ ሥር ትከታለች፣ ጄሪካኑን ጓሮ ትወስዳለች፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች መሬት ላይ ትቀመጥና እንግዶቹን ትጠብቃለች። አንድ ቀን አሸዋ የጫነ መኪና መንገድ ለዘጉበት ፍየሎች ጡሩምባ ነፍቶ አለፈ። አክስቴ ዕቃዋን ሁሉ ደብቃ መሬት ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ዋለች። ኋላ ምነው ብዬ ብጠይቃት «ዘገዩ እንጂ አይቀሩም ብዬ ነዋ» አለችኝ።

3ኛ. ስለ «የክብር ጥላ»። አክስቴ ብልህ ሴት ናት። ባለሙያዎ ቆርቆሮውን ቤቱ ላይ እንዳታወጣው ከለከላት እንጂ ቤት ውስጥ ስለማስገባት ያለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ክረምቱ ሲበረታባት አናጺው አልጋዋ ዙሪያ እንጨት አቁሞ ቆርቆሮዎቹን በላዩ አጋደመላት። ከሣሩ ያመለጠው ውሃ ቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ ያድርና ተንሸራቶ ጥግ ላይ ያለ ባልዲ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን እኔው ራሴ እንግዶች ይዤ ሄድኩ። አንዲት ደግ ፊት ያላቸው ሴትዮ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው አዩና፣ ከአልጋው በላይ ቆርቆሮ ለምን እንደተዘረጋ ጠየቁኝ። እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን ዘመን ያልነካው ቤት ብዬ እዚያ ድረስ የጎተትኳቸው እኔ ነኝና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በዚህ አካባቢ ለታላላቅ ሰዎች የሚዘረጋ የክብር ጥላ ነው አልኩ። ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአክስቴ ጎንበስ አሉ። አክስቴ ምን እንዳልኩ ባይገባትም፣ ሰው አክብሯት ዝም አትልምና እሷም ጎንበስ አለች። ክረምቱ ያመጣባት ሳል በመሃል ቢያቋርጣትም ሰላምታዋን ጨረሰች።

ባለሙያዎ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአክስቴ አልጋ በጉብኝት መጽሔትዎ ላይ ባለ ቀለም ፎቶ ሆኖ፣ ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የክብር ጥላ ከሚል ማብራሪያ ጋር ወጣ። ፎቶው በጣም ጥራት ስላለው ቆርቆሮው ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት ሳይቀር ይነበባል፤ ለኅትመቱ ጥራት አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ በመስመሩ ላይ ያሉት ሌሎች ቤቶች ሁሉ የክብር ጥላቸውን ዘርግተው እንዲገኙ ጽሕፈት ቤትዎ መመሪያ አውርዷል። ቆርቆሮ የሌላቸው ጎረቤቶቿ አንድ አንድ አውሺን እያሉ አክስቴን ደጅ ይጠኗታል። ጣሪያ ላይ የተከለከለ ቆርቆሮ አልጋ ላይ ግዴታ ሲሆን ለማየት በመብቃቴ ዕድለኛ ነኝ። ባህሉን የወለድኩት እኔ ስለሆንኩ ግን በእርስዎ ብቻ መሳቅ አልችልም።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር የለውም፤ የእርስዎ ሳይሆን የእኔ ነውና።

ባለሙያዎ አናጺውን ያስቆመው ዕለት እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። አክስቴ መጀመሪያ ላይ እጅ አልሰጠችም። ቤቱ የኔ፣ ጊደሯ የኔ፣ ዝናቡ የሚመታው እኔን፣ አንተን ምን አገባህ ብላ ሞገተችው። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እማማ፣ ይሄ ሣር ከተነሳ እኮ እንግዳ አይመጣም። እንግዳ ካልመጣ ይሄ ልጅዎ ምን ሠርቶ ሊበላ ነው?» አላት። ሐሰት ነበር። የእሷ ቤት ቢቀር ያንን ባዶ ሰዓት በሌላ ነገር ሞልቼ፣ ደመወዜን እንደ ልማዴ እቀበል ነበር። አክስቴ ዘወር ብላ አየችኝ። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃት ነበር። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ማየት ጀመርኩ። ዝምታዬን እንደ አዎን ቆጠረችውና ወደ መሰላሉ ቀና ብላ አናጺውን «ተወው በቃ፣ ውረድ ልጄ» አለችው።

ለምን ዝም እንዳልኩ ቢጠይቁኝ፣ ጉዞው ተወዶ ነበር፤ አለቃዬም በሰው ፊት ያወድሰኝ ጀምሮ ነበር፤ ሙገሳ ደግሞ ይጣፍጣል። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በየጡሩምባው ወንበሯን የምትደብቀው ለእርስዎ መመሪያ ብላ እንዳይመስልዎ። የልጇን ሥራ እየጠበቀችለት ነው። ለጎረቤቶቿም እንግዶቹን «የልጄ ሰዎች ናቸው» ነው የምትላቸው። እኔ ከተማ ውስጥ በደረቅ አልጋ ላይ ተኝቼ ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ ስሰማ እንቅልፌ ይሸሻል፤ ይህም ቢሆን እሷን አላደረቃትም።

ባለፈው እሑድ ሄጄ አገኘኋት። ከሐይቁ ማዶ ደመናው መክበድ ጀምሯል። ካምና ጀምሮ ያልለቀቃት ሳል አሁንም አለባት፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደረቅ ቤት ካልተኛሽ መድኃኒት ብቻውን አያድንሽም ብላታለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ ከክብር ጥላዋ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ቤቷ ቢለወጥ ሥራዬ ላይ የሚደርስ ነገር እንደሌለ፣ ያን ዕለትም ይህን አውቅ እንደነበር፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ እንዴት በቀለለኝ። እሷ ግን «ታዲያ አንተ ምንም አትሆንም?» አለችኝ። ምንም አልሆንም አልኳት። «እሱስ ደግ ነው» አለችና ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ወንበሯን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች፣ ደጃፍ ወስዳ ከዛፉ ሥር አስቀመጠችው፣ ተቀመጠችበትም። መታጠፊያው ላይ ጡሩምባ ተነፋ። እኔ ደንግጬ ብድግ አልኩ፤ እሷ አልተነሳችም። እንግዶቹ ከመኪና ሲወርዱ እያየች አናጺውን በስሙ ጠርታ መሰላልህን ይዘህ ና አለችው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የፈቃድ ጥያቄ አይደለም፤ ይህን ሲያነቡ ሣሩ ተነስቶ ይሆናል። ቅጣት የሚኖር ከሆነ ቤቱን መስመርዎ ላይ ያስገባሁት እኔ ስለሆንኩ በእኔ በኩል ይሁን። በዕቅዴ ላይም ያንን ሰዓት አርሜዋለሁ። አሁን የሚነበበው እንዲህ ነው፦ እዚህ ቦታ አንዲት አሮጊት ደረቅ ጣሪያ ሥር በወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ ከፈቀዱ ሰላም ማለት ይቻላል፣ ጡሩምባ መንፋት ግን ክልክል ነው። ይህ ባህል መሆን አለመሆኑን ባለሙያዎ ቢያጣራልኝ ውለታው አይጠፋብኝም።

እስከዚያው በሥራዎም በመኝታዎም ደረቁን እየተመኘሁልዎ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያም ከሚበልጥ እፍረት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ዘመን ያልነካውን ቤት የጻፈው፣
የክብር ጥላን ከባዶ አፉ የፈጠረው፣
አናጺው ከመሰላሉ ሲወርድ ጫማውን ያይ የነበረው፣
«የተፈጥሮና ባህል በአንድ ቀን» ዕቅድ አውጪ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አናጺው ቆርቆሮዎቹን ከአልጋው በላይ አውርዶ ሲያያቸው አንደኛውን ለጣሪያ አይሆንም ብሎ ለይቶታል። በአክስቴ ራስጌ ትክክል የነበረው እሱ ነው፤ ጠብታው ሲያርፍበት የከረመው ቦታ ዝጓል። እኔ ይጣል ብዬ ነበር። አክስቴ ግን የመጽሔትዎን ማብራሪያ ካነበብኩላት ወዲህ ይህንን ነገር ለእሷ ብቻ ማስቀረት ነውር መስሎ ተሰምቷታል። ስለዚህ ሾፌራችን በማለዳ አምጥቶ ከቢሮዎ በር ጋ ያቆመዋል። እንደ ባህሉ ከራስዎ በላይ ይሰቅሉት ዘንድ ትለምንዎታለች፤ ባልዲውንም ከፈለጉት አልሰሰተችብዎትም።