ትራንስፎርመሩን ያቃጠለው የማን ጠባይ ነው?

ለትራንስፎርመር እንክብካቤና ምረቃ አስተባባሪ ኮሚቴ የተከበሩ ሰብሳቢ
ሞጣ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በጨለማም ቢሆን አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎ ጄኔሬተር ደግሞ የማያልቅ ነዳጅ እመኛለሁ። እኔ ሙሂዲን የተባልሁ፣ ከገበያው በላይ ልብስ ሰፍቼ የማድር ሰው ስሆን፣ ደብዳቤዬን በአደባባይ የምጽፈው በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑና ትልቅ ሥራ ማቋረጥ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

በቅድሚያ በየግድግዳው ስላስለጠፉልን ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። የሰፈራችን አዲስ ትራንስፎርመር «በአስቸጋሪ የአየር ጠባይ ምክንያት» መቃጠሉን ሲነድ ቆመን ላየነው ሰዎች ገልጸውልናል። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። ይሁንና የጠባይ ነገር ከተነሣ፣ ከአየሩ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ስላሉ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ትራንስፎርመሩ የካቲት ላይ ተተክሎ መብራት መስጠት እንደ ጀመረ፣ ክቡር እንግዳ እስኪመርቁት ድረስ ዙሪያውን በመጋረጃ ሸፈናችሁት። ጨርቁ ከእኔ ሱቅ ስለወጣ ውፍረቱን አውቀዋለሁ። እንግዳው ዛሬ ነገ ሲባሉ ከዓባይ ድልድይ ወዲህ ሳይሻገሩ መጋቢት አለፈ፤ ማሽኑም ሙቀቱን የሚያስወጣበት ጎኑ እንደ አራስ ተሸፋፍኖ የሚያዝያ ፀሐይ ወረደበት። አየሩ በበኩሉ ጠባዩን አልለወጠም። ሚያዝያ እንደሚሞቅ ከኮሚቴው በቀር የማያውቅ ሰው ሞጣ ውስጥ የለም።

፪. ጎረቤታችን ወይዘሮ አገሬ ብረቱ እንደ ድስት ሲንተከተክ ሰምተው መጋረጃው እንዲነሣ ቢያመለክቱ፣ ክቡር እንግዳው ሳይገልጡት መግለጥ ፕሮቶኮል መጣስ እንደሚሆን በትዕግሥት አስረድተዋቸዋል። በመጨረሻ መጋረጃውን የገለጠው እሳት ነው፤ እርሱ ደግሞ ፕሮቶኮል አልተማረም። ሥሩ የቆመው እብነ በረድ ግን ምንም አልሆነም። «በክቡር እንግዳችን ተመረቀ» የሚለው ጽሑፍ ዛሬም ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ቀን ቀን።

፫. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቃጠሎው በኋላ ኮሚቴው በአስቸጋሪ የአየር ጠባይ የትራንስፎርመርን ዕድሜ ስለማራዘም ቢቸና ወርዶ ሠልጥኗል። ማሽኑ አየር ማግኘት እንዳለበት፣ አቧራው እንደሚጠረግ፣ ዘይቱ እንደሚታይ፣ የመብረቅ መከላከያው ከክረምት በፊት እንደሚፈተሽ ተምራችሁ መመለሳችሁን ሰምተን ደስ ብሎናል። የሚጠረግ ትራንስፎርመር ግን የለንም።

፬. በኤሌክትሪክ መኪና ጥልፍ የምትጠልፍልኝ ምሥራቅ ሥራ ስታጣ፣ ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ የሾፌሮች ማደሪያ አንሶላ ልታጥብ ደጀን ሄዳለች። ክረምት ሳይገባ መብራት ካልመጣ ልጇን ወስዳ እዚያው እንደምትቀር ነግራኛለች። እናቷ እትዬ ይርገዱ በሱቄ ባለፉ ቁጥር አምፖሉን ቀና ብለው አይተው ይሄዳሉ። ብቸኛ የልጅ ልጃቸውን ሊያጡ ነው። በዚህኛው ላይ መቀለድ አልሆነልኝም፤ ተናድጃለሁ።

ስለዚህ አዲሱ ትራንስፎርመር ሲመጣ እንግዳው ቢመጡም ባይመጡም ፊቱን ገልጣችሁ እንድትተክሉልን፣ ክብራችሁንም በሌላ ነገር እንድትሸፍኑ እማጸናለሁ።

ጨለማው ዓይናችንን ስለያዘው የኮሚቴውን ሥራ አጥርተን ማየት ላልቻልን ለእኛ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እርስዎንም ከሚያዝያ ፀሐይ አላህ ይጠብቅልኝ እላለሁ።

አክባሪዎ
ሙሂዲን፣ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሚመጣው ትራንስፎርመር ምረቃ ከቀድሞው የወፈረ፣ ዳር ዳሩ የተጠለፈ መጋረጃ እንዳዘጋጅ የላኩት ትእዛዝ ትናንት ደርሶኛል። የስፌት መኪናው መብራት ይፈልጋል፤ ጠላፊዋም ደጀን ናት።