ወንበሯን ያልነካንባት መኪና

ለልጄ፣ ለረጅሟ፤

ቀን ይቅናሽ፣ የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ እንደ መኪናችን ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል።

"ሽጪያት" ያልሽኝን፣ ያቺን ተንጠላጥለን የምንገባባትን አሮጌ መኪና አልሸጥኳትም። ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ብላ ዝም ትል ነበር። መካኒኩ የባትሪውን ገመድ ገልጦ ሲያሳየኝ ዝገት በልቶታል። እሱን በአዲስ ቀየረው። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ግን "እማማ፣ ለአሮጌ መኪና አዲስ ምን ያደርጋል? ደህና ያገለገለ አለኝ" ብሎ በግማሽ ዋጋ ገጠመልኝ።

መካኒኩ አጭር ነው፤ የፍሪሲዮኑን ፔዳል በእግሩ ጣት እየረገጠ አስነሳት። እኔ ከጎኑ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ድምፅዋ እየሞቀ ሲሄድ አንቺ የምትነጂኝ፣ መንገዱም የማያልቅ፣ ሰማዩም በመስኮቱ በኩል አብሮን የሚሄድ መሰለኝ። "ወንበሩ ርቋል፣ ላስጠጋው?" ሲለኝ ነው የነቃሁት። ተወው አልኩት። ትንሽ ሳልቆጣው አልቀረሁም።

ብርድ ልብስ ደርበሽ ተኚ፣ ምሳ አትዝለዪ። ያሰብሽው ይሙላልሽ። እኔ በየሳምንቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አስነሳታለሁ። አንቺ ብቻ ነይ፤ ወንበሩ እንደተውሽው ነው፣ እግርሽ ይደርሳል።

እናትሽ